ረቂቅ ሥዕል በአገራችን፤ ከይፋት ቈላ ሆኖ ሲታይ

ሠዓሊ ሰውንና እንስሳን፥ ተራራንና ቤትን አስመስሎ መሣሉን ትቶ ቀለምንና መሥመርን ብቻ ይዞ ሲነሣ፥ ሥራው «ረቂቅ ሥዕል» ይባላል። ስያሜው ከውጭ አገር ቃል የተመለሰ ቢሆንም፥ «ረቂቅ» የሚለው ቃል ራሱ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። በዐይን የማይታየውን፥ በእጅ የማይዳሰሰውን፥ ነገር ግን መኖሩን የምናምንበትን ሁሉ ረቂቅ እንለዋለን፤ ነፍስ ረቂቅ ናት፥ መንፈስም ረቂቅ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሥዕል ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ነው እያሉ በሩን ሊዘጉበት የሚፈልጉትን ሰዎች ቋንቋቸው ራሱ ሳይሟገታቸው አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኤውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ይህን የምጽፈው ከሸዋ ሮቢት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ፥ የጣርማ በርን ዋሻ ከጨረሰ በኋላ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ይወርድና፥ ብርዱን ከላይ ትቶ ማሽላና ማሾ፥ ሽንኩርትና ትምባሆ ከሚበቅልበት ሜዳ ይደርሳል። «የቈላ ጸሓፊ ከሥዕል ትርኢት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ይፋት ከሥዕል ታሪክ የራቀ አገር አይደለም። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሓ አድርጎ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲወጣ፥ ከጓዙ ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበረ። ከጠረፉ እስከ ሸዋ ደጋ ያየውን የሣለባቸው ሥዕሎች በ1852 በለንደን ታትመዋል። ቈላውን ከበላዩ ቁልቁል በሚመለከተው በዚያው በአንኮበር አፈወርቅ ተክሌ በ1932 ተወለደ፤ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ያሉትን የመስተዋት ሥዕሎች የሠራውና በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት የተቀበለው እርሱ ነው።

ከሁለቱ ሠዓልያን በፊትም ይፋት ምስል የሌለበትን ውበት ታውቅ ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት የወላስማ ሥርወ መንግሥት በዚህ አገር ተተክሎ በ1285 የጥንቱን የሸዋ ሡልጣኔት ጠቀለለ፤ በ1332 ሡልጣን ሰብረዲን ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር ጦርነት ገጥሞ ድል እስከ ሆነና ከዚያም ወዲህ ብዙ ዘመን ድረስ የንግድና የሃይማኖት ከተሞች በተዳፋቱ ላይ ነበሩ። በ2000ዎቹ ዓመታት ፈረንሳውያንና ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በኖራና በአስበሪ ያጠኑት የከተማና የመስጊድ ፍርስራሽ ለዚህ ምስክር ነው። በመስጊድ ውስጥ የሰው መልክ አይሣልም፤ የግንበኛው ጥበብ የሚታየው በድንጋዩ አደራደር፥ በሚሕራቡ ቅስትና በጽሕፈቱ ነው። ወደ ደጋው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወገን ብንወጣ ደግሞ፥ ብራና ጸሓፊው ከምዕራፉ በላይ የሚያወርደው ሐረግ አለ። ሐረጉ የተክል ስም ቢይዝም ተክልን አይመስልም፤ እርስ በርሱ ተቈላልፎ፥ ተጠላልፎ፥ ከገጹ ራስጌ ላይ እንደ በር የሚቆም የመሥመር ድርድር ነው። ደብተራው ለሕመምተኛ በሚጽፈው ክታብ ላይ የሚሥለው ጠልሰምም እንዲሁ ነው፤ ዐይን ብቻ ከመሥመር መካከል ያፈጣል፥ የዐይኑ ባለቤት ግን አይታይም።

የአርጎባን ሸማኔ ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ይፋትን መበደል ይሆንብኛል። ከአንኮበር በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የቈላና የደጋ ሸቀጥ መገናኛ እንደ ነበረ የዚያን ጊዜ መንገደኞች ጽፈዋል፤ አርጎቦችም በንግድና በሸማ ሥራ የታወቁ ናቸው። ሸማኔው ጥለቱን በወረቀት ላይ ነድፎ አይጀምርም፤ ድርን ቈጥሮ፥ ማጉን በቀለም ለውጦ፥ ቍጥሩን በልቡ ይዞ ይሠራል። ስህተት ቢገባ ዐሥር መሥመር ተሠርቶ ከሄደ በኋላ ይታወቀዋል። ሴቲቱም መሶብ ስትሰፋ አለላውን የምትመድበው በዐይን ልክና በቍጥር ነው። አንድም ቀን «ይህ ጥለት ምንን ይመስላል?» ብሎ የጠየቀ ገዢ አላየሁም፤ አማረ ወይም አላማረም ይላል፥ ዋጋውን ተከራክሮ ይወስዳል።

በመሥሪያ ቤታችን አንድ በዕድሜ የገፉ የሥራ ባልደረባ አሉን። ታትሞ የወጣ የረቂቅ ሥዕል ቅጂ ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ገና አደረጉና «ልጄ፥ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፥ የለበሱት ነጠላ ጥለትስ ምንድን ነው?» ብላቸው ሳቁና «እርሱማ ጥለት ነው» አሉ። መልሳቸው ቀልድ ቢመስልም እውነት አለበት። ጥለት የጨርቁ ጌጥ ነው፤ ሐረግ የመጽሐፉ በር ነው፤ ጠልሰም የሕመምተኛው መድኃኒት ነው። ሁሉም ሌላ ነገርን ያገለግላሉ። ረቂቅ ሥዕል ግን ማንንም ሳያገለግል ብቻውን በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ «እዩኝ» ይላል። «አብስትራክትን እኛ ቀድሞም እናውቀው ነበር» የሚለው አንዳንድ ጸሓፊ ይህን ልዩነት ዘሎ ስለሚሄድ አልስማማበትም። የእኛ ሰው ዐይን ተዘጋጅቶ ቆይቶ ነበር ማለት ግን ይቻላል።

በኤውሮጳ ነገሩ የተነሣው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ስዊድናዊቱ ሂልማ አፍ ክሊንት በ1906፥ ሩሲያዊው ካንዲንስኪ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ፥ ማሌቪች ደግሞ በ1915 በጥቁር አራት ማዕዘን ምስልን ከሥዕል አወጡት። መንግሥታት ግን አልወደዱላቸውም። በ1937 የናዚ መንግሥት በሙኒክ «የተበላሸ ሥነ ጥበብ» ብሎ በሰየመው ትርኢት የካንዲንስኪንና የክሌን የሌሎችንም ሥራ ለመሳለቂያ አንድ ላይ ሰቀለ። የአያሌ ሠዓልያን ሥራ በኅብረት ከታየባቸው ትርኢቶች ሁሉ እንደዚያ ያለ ክፉ ሐሳብ ያለበት አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመኖች የጣሉትን መልሰው አነሡ፤ የእኛው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1957 ለትምህርት ኮሎኝ የገባው በዚህ ጊዜ ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ እንግዲህ ሐረግን ያየው ሙዚየም ውስጥ ሳይሆን በአባቱ እጅ ነው። በአዲስ አበባ እርሻ መማር ጀምሮ ነበር፤ ትቶት ወደ ሥዕል ዞረ። ከኮሎኝ በ1962 ተመልሶ፥ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በ1963ም በዚያው ትምህርት ቤት ሥራዎቹን አሳየ። በአገራችን የረቂቅ ሥዕል ታሪክ የሚቈጠረው ከዚህ ትርኢት ነው። ተመልካቹ ሁለት ሆነ። ግማሹ «የነጭ አገር ነገር ነው፥ ኢትዮጵያዊነቱ የት አለ?» አለ፤ ግማሹ ደግሞ አዲስ በር ተከፈተ ብሎ ተደሰተ። ለእኔ የወቀሳው ጥያቄ ከመጀመሪያው ጐድሎ የተጠየቀ ይመስለኛል፤ ሐኪምን «መርፌህ ኢትዮጵያዊ ነው ወይ?» የሚል የለምና። በዚያው ዓመት የሣለውን «ጎልጎታ»ን ያየ ሰው ቀዩ ቀለም ሥዕሉን እንዴት እንዳጥለቀለቀው ያስተውላል፤ የስቅለትን ነገር ከልጅነቱ የሚያውቅ ሕዝብ ያንን ቀይ ለመረዳት ኮሎኝ መሄድ አያስፈልገውም። ገብረ ክርስቶስ ባለቅኔም ነበር፤ «አገሬ» የተሰኘውን ግጥሙን ሥዕሉን ያላዩ ሰዎች ሳይቀሩ ያውቁታል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው።

እስክንድር ቦጎሲያን በሌላ መንገድ መጣ። በ1937 በአዲስ አበባ ተወልዶ፥ ገና በወጣትነቱ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ወደ ለንደን ሄደ፤ ከዚያም ፓሪስ ገብቶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀመጠ። በፓሪስ የአፍሪካና የካሪቢያን ጸሓፊዎችንና ሠዓልያንን አገኘ፤ የክሌንና የኩባዊውን የላምን ሥራ መረመረ። የሚገርመው የአገሩን ክታብና ጠልሰም አጥብቆ ያሰበው በዚያ በባዕድ አገር መሆኑ ነው። የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1964 የሠራውን አንድ ሥዕል ለስብስቡ ወስዷል። በ1966 ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ያህል አስተማረ፥ በ1967ም ተሸለመ። በተማሪዎቹ ላይ የፈጠረው ስሜት ከቈይታው አጭርነት ጋር አይመጣጠንም። ሸራን ብቻ ሳይሆን ብራናንና የዛፍ ቅርፊትን ይዞ ይሠራ ነበር፤ የፍየል ቆዳ የቅዱሳን መጻሕፍት ብቻ የመሰለው ተማሪ ይህን ሲያይ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም።

ከ1974 በኋላ ዘመን ተለወጠ። ደርግ ከሥዕል የፈለገው ክንዱን ያነሣ ሠራተኛ፥ ማጭድ የያዘ ገበሬ፥ የሚሰለፍ ሕዝብ ነበር። የሙኒኩን ታሪክ ከላይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንግሥት ሠዓሊውን «ይህን ሣል» ሲለው መጀመሪያ የሚሸሸው ረቂቁ ነው፥ ለመፈክር አይመችምና። እስክንድር አስቀድሞ በ1970 ወደ አሜሪካ ሄዶ ከ1972 ጀምሮ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ገብረ ክርስቶስም አገሩን ለቆ ወጣ። መጋቢት 21 ቀን 1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦክላሆማ፥ ሎውተን በምትባል ከተማ ሞተ፤ ዕድሜው አምሳ አልሞላም ነበር።

የተበተኑት እንደ ገና በአንድ ግድግዳ ላይ የተገናኙት በ2003 ነው። በዋሽንግተን የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠዓልያንን በአንድነት ያቀረበ ትርኢት ከፈተ። በዚያ የመምህሩ የእስክንድር ሥራ ነበረ። በ1972 ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ወሰኔ ኮስሮፍም ነበረ፤ እርሱ ፊደላችንን ወስዶ እየዘረጋ፥ እየሰበረ፥ እያጠፈ ንባቡን አጥፍቶ መልኩን ብቻ ያስቀራል፤ «ሀ»ን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ሊያነብ ይሞክርና መሃል ላይ ይጠፋበታል። በኮምፒውተር ሥዕል ከቀደሙት አንዱ የሆነው አቻምየለህ ደበላ ነበረ። ከበደች ተክለአብም ነበረች፤ ከአገር ስትሸሽ ተይዛ ዐሥር ዓመት ያህል በሶማሊያ ታስራ፥ በ1989 ወደ አሜሪካ ሄዳ በሃዋርድ የተማረች ሠዓሊና ባለቅኔ ናት። እርሷና እስክንድር በ2001 በዋሽንግተን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ «ኔክሰስ» የተባለውን የአሉሚኒየም ሥራ አብረው ሠርተዋል። ዐሥር ዓመት የታሰረ ሰው ሰንሰለትንና በርን መሣል ይችል ነበር፤ ከበደች ግን ብዙውን ጊዜ የምትናገረው በቅርፅና በቀለም ነው። «ረቂቅ ሥዕል የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» የሚሉ ሰዎች ሥራዋን ቢያዩ መልካም ነበር።

በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከወላጆቿ ጋር ወደ ሚሺጋን የተሰደደችው ጁሊ ምሕረቱም በዚያ ትርኢት ተካፍላለች። አባቷ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። እርሷ የከተማ ፕላንና የሕንፃ ንድፍ ትሥልና በላዩ ግልጽ ቀለም ታለብሰዋለች፤ በዚያ ላይ ደግሞ በቀለም ጠብታና በጭረት ሌላ ድርብ ትጨምራለች፤ ከታች ያለው ሳይጠፋ ከላይ ያለው ይሸፍነዋል። በ2023 አንድ ሥዕሏ በኒው ዮርክ ጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል፤ እንዲህ ያለ ዋጋ በአፍሪካ የተወለደ ሠዓሊ ሥራ ከዚያ በፊት አላወጣም ነበር። እስክንድር ይህን አላየም፤ የኅብረቱ ትርኢት በታየበት ዓመት ሚያዝያ 26 ቀን 1995 ዓ.ም. ዐርፏል።

የገብረ ክርስቶስ ሥራዎች በጀርመን አገር ብዙ ዓመት ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ2008ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። በዚህ ሙዚየም በ2016 የክረምት ወራት ጁሊ ምሕረቱ ሥዕሎቿን ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየች። በስደት የሞተው ሰው ስም ከበሩ ላይ ተጽፏል፤ በሰባት ዓመቷ የተሰደደችው ልጅ ሥራ ከውስጥ ተሰቅሏል። ከዚያ ቀደም ስሟን በጋዜጣ ብቻ የሚያውቁ ተማሪዎችና ወጣት ሠዓልያንም ከሥዕሎቹ ፊት ቆመው ለማየት በቁ።