አንዱ ዓመት በብዙ አቈጣጠር

በመዝገበ ቃላት ሥራ «ዘመን» እና «ዓመተ ምሕረት» የሚሉትን ቃላት ስንፈታ፥ ዓመቱ ከየት ተነሥቶ እንደሚቈጠር ካልገለጽን ፍቺው ጎደሎ ይሆናል። ለማስረጃ ያህል የናግራን ክርስቲያኖች ያለቁበትን፥ ዛሬ በኤውሮጳ አቈጣጠር 523 የምንለውን ዓመት እንመልከት።

በዚያ ጊዜ ዓመቱን 523 ብሎ መጻፍ የተለመደ አልነበረም። ዓመታትን ከክርስቶስ ልደት አንሥቶ የቈጠረው ዲዮናስዮስ ኤክሲጉስ የፋሲካ ሰንጠረዡን በሮም ያዘጋጀው በ525 ነውና። ሮማውያን ዓመቱን በቈንስሉ በማክሲሙስ ስም ጠሩት። ግብጻውያን ከዲዮቅልጥያኖስ ዘመን (284) ቈጥረው 239 አሉት፤ በመስከረም 1 ቀን 240 ሆነ። ኢንዲክቲዮን የተባለው የ15 ዓመት የግብር ዑደት በመስከረም 3 ቀን ከ1ኛ ወደ 2ኛ ዓመት ተሻገረ። በሰሌውቅስ ዘመን የሚቈጥሩት ሶርያውያንም 834ን ፈጽመው በጥቅምት 3 ቀን 835 ብለው ጀመሩ። በእኛ አቈጣጠር ያው ዓመት 515 ሲሆን፥ ከመስከረም ወዲህ 516 ነው፤ ከዓለም ፍጥረት ሲቈጠር ደግሞ 6015 እና 6016 ይሆናል።

ነገሩ የቍጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከናግራን በስተሰሜን በቢር ሒማ አለት ላይ የሒምያር ጦር አዛዥ ያስቀረጸው ጽሑፍ ዓመቱን 633 ይለዋል። የሒምያር ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ115 ተጀመረ ያሉ ሊቃውንት ይህን 518 አደረጉት፤ በ110 ተጀመረ ያሉት ግን 523 አሉት። በዚህም የአፄ ካሌብ ዘመቻ ጊዜ አብሮ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። የቤተ አርሻሙ ስምዖን ስለ እልቂቱ የጻፈው ደብዳቤ የ835ን የጥር ወር፥ ማለት 524ን፥ ስለሚጠቅስ ሁለተኛውን አሳብ ይደግፋል። ዛሬም አብዛኞቹ ሊቃውንት የሚቀበሉት ይህንኑ ነው።

በቋንቋችንም ተመሳሳይ አደጋ አለ። «ዓመተ ምሕረት» በጥንት የግእዝ መጻሕፍት አንዳንድ ጊዜ በ532 ዓመት ዑደት (19 በ28 ተባዝቶ) ውስጥ ያለውን ዓመት ያመለክታል። በዛሬው ፍቺ ብቻ ያነበበው ሰው በመቶዎች ዓመታት ይስታል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት የእያንዳንዱን አቈጣጠር መነሻና የአዲስ ዓመቱን ዕለት ለይቶ መስጠት፥ ጸሓፊም ከቍጥሩ ጋር የዘመኑን ስም መጻፍ ይገባዋል እንላለን።