የኮምፒውተር ኔትወርክን ከዙሪት የሚጠብቀው ስልት

ስዊች በአንድ ተቋም ውስጥ የሚገኙ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። አንዱ ገመድ ቢበጠስ ሥራ እንዳይስተጓጎል ስዊቾች ከአንድ በላይ በሆኑ መስመሮች ይያያዛሉ። ችግሩ የሚመነጨውም ከዚሁ ጥንቃቄ ነው። ስዊች ለሁሉም የተላከ መልእክት ሲደርሰው ከገባበት በስተቀር በሁሉም መስመሮች አባዝቶ ያስተላልፋል። መስመሮቹ ዙሪት ከሠሩ ያው መልእክት ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገናም ይባዛል። የኢተርኔት መልእክት የጉዞ ገደብ የሌለው በመሆኑ ኔትወርኩ በሰከንዶች ውስጥ ይጨናነቃል።

መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ይሠሩ የነበሩት አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ራዲያ ፐርልማን ናቸው። «ስፓኒንግ ትሪ» በተሰኘው ስልት ስዊቾች በየሁለት ሰከንዱ አጫጭር መልእክቶች እየተለዋወጡ ዝቅተኛ መለያ ቁጥር ያለውን ሥር አድርገው ይመርጣሉ። ባለሙያው አስቀድሞ ካልወሰነ ዕጣው አሮጌና ደካማ ለሆነ ስዊች ሊወጣ መቻሉ የስልቱ ደካማ ጎን ነው። ከዚያም እያንዳንዱ ስዊች ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን የተሻለ መንገድ ይይዛል፤ ዙሪት የሚፈጥረው ትርፍ መስመር ይዘጋል፤ ሌላው ሲቋረጥ ግን ይከፈታል። ይህ በመጀመሪያው ደረጃ እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ማሻሻያ ጊዜውን እጅግ አሳጥሮታል።

ስልቱ ግን ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 በቦስተን የሚገኘው የቤዝ እስራኤል ዲኮነስ የሕክምና ማዕከል ኔትወርክ ስልቱ ከሚችለው በላይ በመስፋቱ ለአራት ቀናት ያህል ታወከ፤ ሐኪሞችም ትእዛዛቸውን በወረቀት ለመጻፍ ተገደዱ።