ሳይሰሙ የተፈረደባቸው ፓትርያርክ

ካህን ሲከሰስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዲቆም ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል። የሐዋርያት ቀኖናም ክስ የቀረበበት ጳጳስ በጳጳሳት ፊት እንዲጠራ፣ አልቀርብም ቢል እንኳ ጥሪው እስከ ሦስት ጊዜ እንዲደርሰው ያዝዛል።

ይህ ሥርዓት በየካቲት 1968 ዓ.ም. ተጣሰ። ደርግ፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳትን ሾመዋል በማለት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰረ፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ገደላቸው። ዐፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው።

በ1968 ዓ.ም. አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቢተኩም የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ሹመቱን አልተቀበለችም፤ ፓትርያርኩን ያወረደው ወታደራዊ ኃይል እንጂ ቀኖናዊ ፍርድ አልነበረምና። አንባቢ ልብ ይበል፤ የተከሳሽን ቃል መስማት መንበሩንም መጠበቅ ነው። አንዱ ሳይሰማ ከወረደ፣ የሚተካውም በተናወጠ ወንበር ላይ ይቀመጣል።