ገጽ አርጋቢ

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ከአንዱ ምግብ ቤት ጓሮ ብትገቡ ሰሃን የምታጥብ ሴት አታጡም። ቅቤ በረጋበት ሰሃን ላይ ውሃ ብቻውን ቢፈስ ተንከባሎ ይወርዳል። ጥቂት ላርጎ ጠብ ሲልበት ግን ቅቤው ተበታትኖ ከውሃው ጋር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ነገሮችን የመድኃኒት ቀማሚዎች «ሰርፋክታንት» ይሏቸዋል። እኔ «ገጽ አርጋቢ» ብያቸዋለሁ።

የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የውሃ ገጽ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ነው፤ የተወጠረ ደግሞ ይረግባል። የአርጋቢው አንድ ጫፍ ውሃ፣ ሌላው ጫፍ ቅባት ስለሚወድ ሁለቱ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ተሰልፎ ውጥረቱን ያላላል። «አስታራቂ» ልለውም አስቤ ነበር። ሽማግሌ ግን አስታርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ይህ እዚያው ድንበሩ ላይ ይቀራል።

ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩን እናውቀዋለን። እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ገጽ አርጋቢ ስላለው ነው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ወረድ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የእንዶድ ምርምራቸውን የጀመሩት።

አሁን ገጽ አርጋቢ ወደሚያስፈልገው የመድኃኒት አሠራር። «ማይክሮስፊር» ወይም ደቂቅ ሉል ከ1 እስከ 1000 ማይክሮሜትር ስፋት ያላት፣ መድኃኒት የያዘች፣ ፖሊመር ከተባለ ፕላስቲክ መሰል ቁስ የተሠራች ድቡልቡል ናት። ፖሊመሩ ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ሲፈራርስ መድኃኒቱም ቀስ እያለ ይወጣል። የፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒት የሆነው ሊዩፕሮላይድ በዚህ መንገድ በወር አንዴ በመርፌ እንዲሰጥ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 ተፈቅዷል።

ደቂቅ ሉል ሲሠራ ፖሊመሩና መድኃኒቱ በቀላሉ በሚተን ፈሳሽ ይሟሙና ገጽ አርጋቢ ባለበት ውሃ ውስጥ ሲማሰሉ ወደ ጠብታዎች ይበተናሉ፤ ብዙውን ጊዜ አርጋቢው ፖሊቪኒል አልኮል ነው። ፈሳሹ ሲተን ጠብታዎቹ ይደርቁና ሉል ይሆናሉ። አርጋቢው ካነሰ ጠብታዎቹ ሳይደርቁ እየተላተሙ ይዋሃዳሉ፤ ሉሎቹም ትልልቅና የተዘበራረቁ ይሆናሉ። በቂ ሲሆን ያንሳሉ፣ ይመጣጠናሉም። የሉሏ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ለተመሳሳይ ክብደት ያለው የገጽ ስፋት እጥፍ ስለሚሆን መድኃኒቱ በጥቅሉ ፈጥኖ ይወጣል።

ከበዛስ? የሰሃን አጣቢዋ ልምድ የማይሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ለእሷ ቅቤው መነጠቁ ግቧ ነው፣ እዚህ ግን መነጠቅ ጉዳት ነው። ላርጎ ቅቤውን ከሰሃኑ እንደሚነጥቅ፣ ትርፉ አርጋቢም መድኃኒቱን ከጠብታው ነጥቆ ወደ ውሃው ይወስደዋል፤ ሉሏም መድኃኒት ጎድሏት ትደርቃለች። ደጋግመው ቢያጥቧትም ፖሊቪኒል አልኮሉ ከገጿ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ለእኔ ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ቅሪት ነው፤ ውሃ ወደ ሉሏ የሚገባበትንም መድኃኒቱ የሚወጣበትንም ፍጥነት ይለውጣል።

ይህ ለኮልፌ ሰው ሩቅ ወሬ እንዳይመስል፦ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛነት የተቋቋመው አለርት የሚገኘው እዚሁ ኮልፌ፣ ዘነበወርቅ ነው። የሥጋ ደዌ ታካሚ ዛሬም ለ6 ወይም ለ12 ወር በየቀኑ ክኒን ይውጣል፤ መድኃኒቱን ቀስ እያለ የሚለቅ ደቂቅ ሉል ቢኖርለት ምን ያህል እንደሚያርፍ አስቡት።

ከ«ገጽ አርጋቢ» የሚሻል ቃል ያላችሁ ላኩልን።