እድራችን ከቀብር በፊት የት ነው ያለው?

እድር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ድንኳን፣ ወንበርና ቀብር ነው። ልክም ነው፣ የተቋቋመው ለዚሁ ነዋ። አጥኚዎች እንደሚሉት እድር ዛሬ በምናውቀው መልኩ የመጣው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ነው፤ ሰው ከዘመድ አዝማዱ ርቆ ከተማ መኖር ሲጀምር ማለት ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ በሰፊው ተስፋፋ። «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ለሚለው ስጋት ሕዝቡ ራሱ የሰጠው መልስ ነው።

«ከመሞቴ በፊትስ ማን ያስታምመኛል?»

ይህ ጥያቄ ጎልቶ የወጣው በኤችአይቪ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው እቤቱ ተኝቶ ቀረ፤ ጎረቤት ፈራ። ያኔ ሕይወት የተባለውን የመሳሰሉ አገር በቀል ድርጅቶች ከእድሮች ጋር ሆነው በጎ ፈቃደኞችን አሰለጠኑ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛ አጠቡ፣ አበሉ፣ ሐኪም ቤት ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ በአግባቡ እንዲወስዱ ተከታተሉ።

ታሪኩ ግን ሌላም ገጽ አለው። ኬኔዝ ሜስ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እነዚህን በጎ ፈቃደኞች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 መጽሐፍ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ2008 የእህል ዋጋ ሲንር ብዙዎቹ አስታማሚዎች ራሳቸው የሚበሉት ይቸግራቸው ነበር! ደግነትን እያመሰገኑ ደጉን ሰው ማስራብ ይሏል ይህ ነው።

ወደ እኛ አገር ልምጣ። አምበር ላይ አስፋልቱ ያልፋል፣ ደብረ ማርቆስም ሩቅ አይደለም። ከአስፋልቱ ወጣ ያለው ቀበሌ ግን በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ነው መንገድ የሚያደርሰው። ይህንን ማንም ሳይከፈለው ያደርገዋል። ችግሩ የሚጀምረው በሽተኛው «ከዚህ በላይ ሕክምና የለውም» ተብሎ ሲመለስ ነው። ጠያቂ አይጠፋም፣ የንስሐ አባትም ይመጣሉ። ሌሊት ሕመሙ ሲነሳ፣ ጀርባው በመኝታ ብዛት ሲቆስል ግን ያለችው አንዲት አስታማሚ ናት። እሷም ብዙ ጊዜ የቤቱ ሴት ልጅ ነች። እኛ አስተማሪዎች ከክፍል ስትቀር ነው የምናውቀው።

በዓለም «ፓሊየቲቭ ኬር» የሚሉት ይህንን ሸክም ማቅለልን ነው፤ በሽታው ባይድንም ሕመሙን ማስታገስ፣ በሽተኛውንም ቤተሰቡንም መደገፍ። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ይህን ይሠራል። ሕንድ ውስጥ በኬረላ ግዛት ደግሞ የሰፈር ሰዎች ሰልጥነው፣ ከነርስ ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ወጪውን ራሳቸው በሚያዋጡት ትንሽ ትንሽ ገንዘብ እየሸፈኑ ጀመሩት። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ፖሊሲ አደረገው። ኡጋንዳም ነርሶች ሰልጥነው የሚጠጣ ሞርፊን እንዲያዙ ፈቅዳለች፤ ፍቅር ብቻውን የካንሰርን ሕመም አያስታግስም እኮ!

እና የእኔ ሐሳብ ይኸው። እድሮቻችን ደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ ለጸና ሕመምተኛ የማስታመም ተራ። ቀብር ላይ የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ ተራውን የዘለለም ይቀጣ። ተራው ከአንድ ሰው ላይ አይውደቅ፤ ለአስታማሚው ቤት አረም የሚያርም፣ እህል የሚያስፈጭም ይመደብ። ወንፈልና ደቦ የምናውቅ ሕዝብ ይህ አይከብደንም። መድኃኒቱና ሥልጠናው ግን የጤና ጣቢያው ድርሻ ነው፤ እሱን ለእድር መጫን አይገባም።

ነርስና ጤና ኤክስቴንሽን የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በእናንተ ቀበሌ ይህንን የሞከረ እድር አለ? እስኪ ንገሩኝ።