የስልከኞች ጆሮና የሞደም ጩኸት

ለዚህ እትም የመረጥነው ርዕስ ብዙዎቻችን የረሳነውን ዕቃ ይመለከታል፤ ሞደምን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቤታቸው ኮምፒዩተር የነበራቸው ሰዎች ኢንተርኔት የሚያገኙት በዚህ ትንሽ ዕቃ አማካይነት፣ በተራው የስልክ መስመር ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ ያደጉ ልጆቻችን “ሞደሙ እንቢ አለ” ሲባል ምን ማለት እንደነበረ አያውቁም። ነገሩን የምናነሣው ግን ለትዝታ ብቻ አይደለም። የስልክ መስመርን አዳምጦ ችግሩን ማወቅ ከሴቶች ሥራ ጋር የቆየ ዝምድና አለው፤ ዛሬም የሚጠቅመን ትምህርት አለበት።

ስልክ ከተፈለሰፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ ኤማ ናት የተባለች ሴት በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በስልከኛነት ተቀጠረች። በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ስልከኛ ተብላ ትታወቃለች። ከእርሷ በፊት ሥራውን የያዙት ልጆች ወንዶች ሲሆኑ ደንበኛ ያመናጭቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስመር ማገናኘት በብዙ አገር የሴቶች ሥራ ሆነ። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በገባባት በአገራችንም በየመሥሪያ ቤቱ ማዞሪያ ፊት ተቀምጠው መስመር ሲያቀብሉ የኖሩ እናቶችና እኅቶች ጥቂት አይደሉም። ስልከኛ ማለት መስመሩ መያዙን፣ ማዶ ያለው ሰው አለማንሣቱን ወይም ገመዱ መበላሸቱን በጆሮዋ የምትለይ ባለሙያ ነበረች። ራሱን በራሱ የሚያገናኝ ማዞሪያ እየተስፋፋ ሲሄድ ይህ ሙያ ቀስ በቀስ ተረሳ።

ሞደም ሲመጣ ግን ጆሮ እንደገና ተፈለገ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ የሚያሳልፈውም በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተር መልእክቱን ወደ ድምፅ መለወጥ፣ ማዶ ያለው ደግሞ ድምፁን ወደ መልእክት መመለስ አለበት። የሞደም ሥራ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የቤል ኩባንያ ሞደም በሴኮንድ 300 ቢት ያስተላልፍ ነበር፤ ይህም ወደ 30 ፊደል ገደማ ነው። በ1981 ሄይስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኮምፒዩተሩ ራሱ ቁጥር እንዲደውል የሚያዝዝበትን ሞደም አወጣ። በ1998 የጸደቀው ደንብ ፍጥነቱን እስከ 56,000 ቢት አደረሰው፤ መስመሩ ጥሩ ካልሆነ ግን እዚያ አይደረስም።

በአዲስ አበባ የኢንተርኔት አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በስልክ መስመር ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ደብዳቤዎቹ ይጠራቀሙና በአንድ የስልክ ጥሪ ተያይዘው ይላካሉ። በ1989 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ላይ፣ ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሞደም በቢሮዎችና አቅም ባላቸው ቤቶች መታየት ጀመረ፤ ከውጭ አገር ልጅ የሚመጣ ደብዳቤም በእርሱ በኩል መግባት ጀመረ።

ግንኙነቱ እንቢ ሲል ብዙ ሰው “ኮምፒዩተሩ ተበላሸ” ብሎ ሙሉውን ዕቃ ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ይሄድ ነበር። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ላይ አልነበረም። መንገዱ ከቤት ገመድ እስከ አገልግሎት ሰጪው ድረስ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ብልሽቱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ የሚናገረውም ድምፁ ነበር።

መጀመሪያ የሚደረገው የሞደሙን ገመድ ነቅሎ በዚያው ሶኬት ላይ ተራ ስልክ መሰካት ነው። ስልኩም ጭጭ ካለ ብልሽቱ የመስመሩ ነው፤ ኮምፒዩተሩ አልታመመም። ስልኩ ላይን ኖሮት ኮምፒዩተሩ ግን 680 የሚል የስሕተት ቁጥር ካወጣ፣ ሞደሙ የመደወያውን ድምፅ አልሰማም ማለት ነው። ሞደም ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ለመስመር፣ አንዱ ለስልክ። ገመዱ በተሳሳተው ቀዳዳ ገብቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ደውሎ 676 ካለ መስመሩ ተይዟል፤ 678 ካለ ማዶ የሚያነሣ የለም። እዚህ ላይ ቤት ያለውን ዕቃ መነካካት ዋጋ የለውም፤ ጠብቆ እንደገና መደወል ነው።

ማዶው ካነሣ በኋላ ያ የታወቀው ጩኸት ይመጣል። ሁለቱ ሞደሞች መስመሩን እየፈተኑ በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ የሚስማሙበት ነው። ጩኸቱ እየተደጋገመ ቆይቶ ከተቋረጠ መስመሩ ንጹሕ አይደለም። የዛገ መገጣጠሚያ፣ ውሃ የገባበት ገመድ፣ በመብራት ሽቦ አጠገብ የተዘረጋ ረጅም ገመድ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። መፍትሔው ገመዱን ማሳጠር ወይም ፍጥነቱን መቀነስ ነበር። ሄድ መለስ እያለ ከሚቋረጥ ፈጣን ግንኙነት ዝግ ብሎ የሚዘልቅ ይሻላል፤ ማዶው ካነሣ በኋላ የተቋረጠ ሙከራም እንደ ጥሪ ተቆጥሮ ያስከፍል ነበርና።

ጩኸቱ በሰላም አልቆ 691 ከመጣ የተጠቃሚው ስም ወይም የይለፍ ቃሉ ልክ አይደለም። ከተገናኘ በኋላ ድንገት ከተቋረጠ ደግሞ ሌላ ክፍል ያለውን ስልክ ማን እንዳነሣ መጠየቅ ነው። መብረቅ ሲያስፈራ የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ገመድ መንቀል ያስፈልጋል፤ መብረቅ በስልክ ገመድ ገብቶ ሞደም ያቃጥላል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙው ካቻቪቴ እንኳ አይፈልግም። የሚፈልገው መስማትና በተራ መፈተሽ ነው፤ ስልከኞቹ ሴቶች የኖሩበት ሙያ። ሆኖም ኮምፒዩተር የወንድ ዕቃ ተደርጎ በመታየቱ፣ በብዙ ቤት እናት ከልጇ የመጣውን ደብዳቤ ለማንበብ ታላቁ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ወይም ባለሙያ ተጠርቶ እስኪከፈለው ትጠብቅ ነበር። የጎደላት የመስማት ችሎታ አልነበረም፤ “ይህ ያንቺም ነው” ብሎ የሚያሳያት ሰው ነበር።

የመደወያው ዘመን አልፏል። አሜሪካ ኦንላይን የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ድርጅት እንኳ ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 መጨረሻ ዘግቷል። ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ዛሬ ስልካችን “ኔትወርክ የለም” ሲል፣ የሞባይል ገንዘብ መላኩ ሲያቅተን፣ ችግሩ ከዕቃው ነው? ከመስመሩ ነው? ከማዶው ነው? ወይስ ከይለፍ ቃሉ? ይህን የምትለይ አባል ለማያስፈልግ ጥገና አትከፍልም፤ የይለፍ ቁጥሯንም “ላስተካክልልሽ” ለሚል ለማታውቀው ሰው አትሰጥም።

ስለዚህ ለአባሎቻችን የምንለው፣ በሥልጠና ጊዜ ዕቃው ሲሠራ ብቻ ሳይሆን እንቢ ሲልም እንማር ነው። ለደጋፊዎቻችንም ኮምፒዩተርና ስልክ ስትለግሱን ብልሽት የመለየት ሥልጠና አብራችሁ እንድታስቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ዕቃ ያረጃል፤ ብልሽትን መለየት የተማረች ሴት ግን ለሚቀጥለውም ዕቃ ትተርፋለች።