ፍሬም 313፦ የዳላሱ ግድያ በሦስት ካሜራ ዓይን

ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነበር። ኅዳር ታጥኖ፣ ንግሡ አልፎ፣ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3፡30 ሲሆን በአሜሪካዋ ዳላስ ከተማ ገና ከቀኑ 6፡30 ነው። በዲሊ ፕላዛ አደባባይ፣ ቁልቁል በሚወርደው በኤልም ጎዳና፣ የፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ክፍት መኪና በዝግታ ታልፋለች። ሁለት ወር እንኳ ባልሞላ ጊዜ በፊት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ የተቀበሉት እኚሁ ሰው ነበሩ። ከግድያው ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አስከሬናቸውን በእግር አጅበው ሸኙ።

በጎዳናው ዳር፣ ከአንድ የሲሚንቶ መደብ ላይ፣ አብርሃም ዛፕሩደር የሚባል የሴቶች ልብስ አምራች ቆሟል። ከፍታ ስለሚያዞረው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ከኋላው ደግፋዋለች። የያዛት ካሜራ እንደ ድሮ ሰዓት ሞላዋ ተጠምዝዞ የምትሠራ፣ 8 ሚሊ ሜትር ፊልም የምትጎርስ ቤል ኤንድ ሃውል ናት። ድምፅ አትቀዳም፤ ሰዓትም አትመዘግብም። ሰልፉን የቀረጸችው 486 ፍሬም፣ ማለትም 26 ሰከንድ ተኩል ያህል ነው።

ከግድያው በኋላ የዓይን እማኞች በተኩሱ ብዛትም በመጣበትም አቅጣጫ አልተስማሙም። መርማሪዎች ያችን ትንሽ ካሜራ ሰዓት አደረጓት። ኤፍ ቢ አይ ፍጥነቷን ሲለካ በሰከንድ 18.3 ፍሬም ሆነ። ለእያንዳንዱ ፍሬም ቁጥር ተሰጠው፤ ገዳዩ ጥይት የፕሬዚዳንቱን ጭንቅላት ሲመታ የሚታየው 313ኛው ላይ ነው።

ከጎዳናው ማዶ ኦርቪል ኒክስና ማሪ መችሞርም በየፊናቸው ይቀርጹ ነበር። እንዲያውም በኒክስ ፊልም ላይ ዛፕሩደር ራሱ ከመደቡ ላይ ቆሞ ይታያል። ሦስቱን ፊልሞች እኩል ለማስኬድ በሁሉም ላይ ያለ ጥርጥር የሚለይ አንድ ቅጽበት ያስፈልግ ነበር። የተገኘውም ያው ዘግናኙ ነው፤ የዛፕሩደር 313፣ የመችሞር 42 እና የኒክስ 24 አንድ ቅጽበት ናቸው። ያ ችንካር ከተመታ በኋላ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይቆጠራል። ግን የኒክስና የመችሞር ካሜራዎች በሰከንድ 18.5 ፍሬም ይነዱ ስለነበር፣ ዝም ብሎ የሚቆጥር ሰው በ10 ሰከንድ ውስጥ 2 ፍሬም ይስታል። ስለዚህ ሌላ ማረጋገጫ ይፈለጋል። የጥበቃ ባልደረባው ክሊንት ሂል ከኋላ ሮጦ መኪናዋ ላይ ሲንጠለጠል፣ በአንዱ ፊልም የተነሣው እግሩ በሌላውም በዚያችው ቅጽበት መነሣት አለበት። ካልተነሣ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል።

ከዚህ ቆጠራ ትልቁ ክርክር ተወለደ። ከግድያው በኋላ በተገኘው ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ለመተኮስ ቢያንስ 2.3 ሰከንድ፣ ማለትም 42 ፍሬም ያስፈልጋል። ኬኔዲ በ225ኛው ፍሬም አካባቢ ከመንገድ ምልክት ጀርባ ብቅ ሲሉ ተመትተዋል። ከፊታቸው የተቀመጡት አገረ ገዥ ጆን ኮናሊም ያን ያህል ፍሬም ሳያልፍ መመታታቸው ይታያል። እንግዲህ ወይ አንድ ጥይት ሁለቱንም አግኝቷል፣ ወይ ተኳሹ ከአንድ በላይ ነው። ግድያውን የመረመረው የዋረን ኮሚሽን የመጀመሪያውን ተቀበለ፤ ሙግቱ ግን ዛሬም አልበረደም።

የቅደም ተከተልን ክብደት ያሳየው ደግሞ አንድ የሕትመት ስህተት ነው። በኮሚሽኑ መዝገብ 18ኛ ቅጽ ውስጥ ፍሬም 314 እና 315 ቦታ ተለዋወጡ። በዚህም የተነሣ ወደ ኋላ የሄደው ጭንቅላት ወደ ፊት የሄደ መሰለ። የኤፍ ቢ አይ ኃላፊው ጄ ኤድጋር ሁቨር ኋላ ላይ ስህተቱን አመኑ። ዋናው የዛፕሩደር ፊልምም ቢሆን ላይፍ መጽሔት በ150,000 ዶላር ገዝቶት በእጁ ሳለ ተበጥሶ ከ208 እስከ 211 ያሉት ፍሬሞች ከላዩ ጠፉ፤ ዛሬ የምናያቸው አስቀድሞ በተባዙት ቅጂዎች ምክንያት ነው። የአሜሪካ ሕዝብም ፊልሙን በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ያየው እ.ኤ.አ. በማርች 1975 ነበር። ሰዎች በምሥጢር ሸሽገውብናል ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም።

በሦስቱም ፊልሞች ላይ ሻሽ ያሰረች አንዲት ሴት ትታያለች። በዙሪያዋ ሰው ሣሩ ላይ ሲወድቅ እሷ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ሁለት እጆቿ ፊቷ ላይ ናቸው፤ ካሜራ የያዘች ትመስላለች። የቆመችበት ቦታ ከፊልሞቹ ይታወቃል። ማንነቷ ግን በማያጠራጥር መንገድ አልተረጋገጠም፤ ቀረጸችው የሚባለው ፊልምም አልተገኘም።  ፊልሟ አንድ ቀን ከአንድ የቤት ሣጥን ቢወጣ፣ ከየትኛው ፍሬም ጋር እንደሚገጥም አስቀድሞ ይታወቃል።